ለመውቂያው ማሽን ወረቀት ወይስ ስልክ፦ ኮምቦልቻ ደርሰን የመጣንበት

በዚያ ጠዋት ቢስቲማ መናኸሪያ የተገኘነው እነዚህ ነን። እኔ ፋጡማ፤ ጎረቤቴና የማኅበራችን አባል ጦይባ፤ ሊሸኘን የመጣው ባለቤቴ፤ የማኅበራችን ሴቶች በሙሉ፣ አራስ ቤት ካለችው በቀር፤ የጦይባ ታላቅ እህት፣ ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ፤ ሾፌሩና ረዳቱ፤ የማናውቃቸው ተሳፋሪዎች፤ አንዲት ፍየልም ከባለቤቷ ጋር። ሁሉም መረቁን። ፍየሏ ብቻ ዝም አለች።

የሄድንበትን ጉዳይ ለማያውቅ ላስረዳ። ማኅበራችን የማሽላ መውቂያ ማሽን አለው። ሞተሩን ከመውቂያው የሚያገናኘው ቺንጋ የሚባል የሚሽከረከር የጎማ ቀበቶ ነው። ቺንጋውን ደግሞ ቀይ የብረት ክዳን ይሸፍነዋል። ባለፈው ውቂያ ግራሶ ለመቀባት ክዳኑን ከፈትንና ሳንመልሰው ሥራ ጀመርን። የጦይባ ሻርፕ ቺንጋው ውስጥ ገባ። እኔ ሞተሩ አጠገብ ስለነበርኩ ቶሎ አጠፋሁት። አልሐምዱሊላህ፣ አንገቷ ላይ ከተላጠው ቆዳ በቀር ተረፈች። እሷ «ማሽኑ ሻርፔን ወዶ ነው እንጂ አንገቴንስ አልፈለገውም» እያለች ትስቃለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ሞተር ሲነሳ አስቀድሜ የማየው የእሷን አንገት ነው።

ማሽኑን የሠራው ኮምቦልቻ ያለ የጋሽ ጌታቸው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ሃያት እዚያ ተቀጥራ የማሽኑን የአጠቃቀም መመሪያ ታዘጋጃለች። የሆነውን በስልክ ነገርኳት። «እማ፣ ጋሽ ጌታቸው ከእንግዲህ መመሪያውን በወረቀት አናትምም፣ ሁሉንም በስልክ እናደርገዋለን እያሉ ነው። አዲሶቹ ማሽኖች ተሸጠው ሳያልቁ መጥታችሁ የሚበጀውን ንገሩን። ሌላ ሰው እንዲህ እንዳይሆን» አለች።

እኔ ስሄድ በልቤ ቆርጬ ነበር። ወረቀት ይሻላል። ስልክ ወድቆ ይሰበራል፣ ቻርጅ ያልቅበታል፣ ቢስቲማ ላይ ደግሞ ኔትወርክ ደስ ሲለው ነው የሚመጣው። ለማሽኑ የተሰጠንን የመመሪያ መጽሐፍም በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ፤ ምን ያህል እንደምንጠነቀቅለት እንዲያዩልን ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን። ሚኒባሷ ሞልታ ስለነበር ፍየሏ ከእግራችን ሥር ተኛች። ጥቂት እንደሄድን ጉልበቴ ላይ የሚጎትተኝ ነገር ተሰማኝ፤ ፍየሏ የመጽሐፉን ላስቲክ ይዛ ታኝካለች። ጮህኩ። ሾፌሩ ሰው የወደቀ መስሎት አቆመ።

«ምን ሆናችሁ?»

«ፍየሏ መጽሐፋችንን!»

«ኪታብ ነው እንዴ?» አለ የፍየሏ ባለቤት ደንግጦ።

«ኪታብስ አይደለም፣ የማሽን መመሪያ ነው» አለች ጦይባ። «ግን ከእኛ ውስጥ እስካሁን ያነበበችው ፍየሏ ብቻ ነች።»

መኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ላስቲኩን አገላብጬ መጽሐፉ እንዳልተነካ አየሁና ደረቴ ውስጥ አስገባሁት።

ሐይቅ ከተማ ስንደርስ ወርደን ቁርስ በላን። እዚያ ዓሣ እንደኛ አገር ቂጣ የትም ይገኛል። ጠብሰው ከነራሱ አመጡልን። እሾሁን ስፈራ ያየች የምግብ ቤቱ ሴት ሳልጠይቃት አጠገቤ ተቀምጣ እየፈለቀቀች በሳህኔ ላይ አደረገችልኝ። «ልጅ ነው የምታደርጊኝ» ስላት «እንግዳ ልጅ ነው» አለችኝ።

ደሴ ቀትር ሳይሆን ገባን፤ ብርዱ ግን የማታ ነበር። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኗል። ቢስቲማ በዚያ ሰዓት ሰው ጥላ ይፈልጋል፤ ደሴ ሰው ጋቢውን ይከናነባል። መንገዱም ሁሉ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው፤ ሜዳ ላይ የቆመ ሱቅ አላየሁም። ሆጤ ሰፈር የሚኖሩት የባለቤቴ ዘመድ ሐጃ ሰዓዳ ዘንድ አደርን። አያታቸው ከየመን መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር ይባላል፤ ሐጃም እስከዛሬ ጨርቅ ነው የሚነግዱት። ሩዝ በዘቢብ አበሉን፣ ቅርንፉድ የገባበት ሻይ አጠጡን፣ ለጦይባም ከሱቃቸው አዲስ ሻርፕ አምጥተው በእጃቸው አለበሷት።

«ይቺን ለማሽን አትስጪያት» አሏት።

«ኧረ ሐጃ፣ ማሽኑ ከአሁን በኋላ ርካሽ ነገር አይበላማ!» አለች ጦይባ።

ሐጃ ፊደል አይለዩም። ነገር ግን በስልካቸው የጨርቅ ፎቶ ይልካሉ፣ በድምፃቸው ዋጋውን ይናገራሉ፣ ደንበኞቻቸውም በድምፅ ይመልሱላቸዋል። የመጣንበትን ስነግራቸው ሳቁብኝ።

«ወረቀት ይሻላል ትያለሽ?»

«አዎ ሐጃ። ወረቀት ካስቀመጡት ይቆያል።»

«ወላሂ እኔ ስንት ወረቀት ዝናብና አይጥ በልቶብኛል! ድምፅን አይጥ አይበላውም።»

«ፍየልም አይበላውም» አለች ጦይባ። ሁለቱም በእኔ ላይ ተባበሩ።

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የሐረጎን ጠመዝማዛ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ መኪናው አንዴ ወደ ገደሉ፣ አንዴ ወደ ተራራው ፊቱን እያዞረ ነው የሚወርደው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አደረግሁ። ጦይባ ዓይኗን ከፍታ ሁሉንም ትነግረኛለች። «አሁን ትልቅ የጭነት መኪና እያለፍን ነው። አሁን ደግሞ ገደል ነው፣ አብሽሪ፣ አጥር አለው። ይሄኛው የለውም።» ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ አገራችን ሆነልኝና ሰውነቴ ተፈታ። በባጃጅ ወደ ወርክሾፑ ሄድን።

ሃያት በር ላይ ጠበቀችን። ከስታለች። «ትበያለሽ?» አልኳት ገና ስስማት። «እበላለሁ እማ» አለች፤ ይህ መልሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታመንም። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ ጌታቸው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ መጥተው የጦይባን አንገት ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ወንበር አስመጡልን፣ ውሃ አስመጡልን፣ ከዚያ ራሳቸው ቆሙ።

ያን ጊዜ መጽሐፉን ከላስቲኩ አውጥቼ ሰጠኋቸው። «ይኸው። አንድ ጠብታ ዘይት አልነካውም» አልኩ።

ሃያት ከእጃቸው ተቀበለችው። ልትገልጠው ስትል ገጾቹ እንደተጣበቁ ናቸው፤ ከማተሚያ ቤት እንደወጣ ነው።

«እማ፣ የት ነበር የተቀመጠው?»

«ሳጥን ውስጥ ነዋ፣ ከመሬት ደብተሩ ጋር።»

«ለምን?»

«ማህተም አለበታ! ማህተም ያለበት ወረቀት በግራሶ እጅ ይነካል እንዴ?»

ሃያት የፊተኛውን ገጽ አየች። ማሽኑ ቢበላሽ በነፃ እንጠግናለን ብለው ማህተም የመቱት እዚያ ላይ ነው። አጠገባችን መለዋወጫ ሊገዛ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር። ሃያት ዞራ እሱንም መመሪያውን የት እንዳደረገው ጠየቀችው። «ኧረ ደህና ቦታ ነው ያለው። ቁልፉ ከኔ ጋር ነው» አለ ደረቱን እየነካ።

ጋሽ ጌታቸው ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስታ አልነበረበትም። «አላልኩሽም ሃያት? አሳትመን እንሰጣቸዋለን፣ እነሱ ይቆልፉበታል። ማሽኑ ላይ አንድ ብሎን በለወጥን ቁጥር ደግሞ እንደገና ማተም ነው። ስልክ ላይ ቢሆን አንዴ አስተካክለን እንጨርሳለን።»

«ስልኩስ ማን እጅ ላይ ነው ያለው ጋሼ? ባል ይዞት ገበያ ከሄደስ?» አለች ሃያት።

እንዲህ ሲከራከሩ ለማሽን የመጣች አንዲት ሴት ገባች። ስሟ ዘምዘም ነው። ከባቲ ወዲያ ወደ ቆላው ካለ ቀበሌ ለማኅበሯ ማሽን ልትወስድ በአይሱዙ መጥታለች። ሰላምታችን ሳያልቅ ማሽኑን ጭነውላት ጨረሱ። የጦይባን ጠባሳ አይታ «ያረቢ፣ ማሽኑ ይህን ነው የሚሠራው?» አለች። ጦይባ ስለ ክዳኑ ነገረቻት። ሃያት ስልኳን ስትጠይቃት ባለ ቁልፍ ስልክ አወጣች፤ ሥዕልም ቪዲዮም አያሳይም። ስለዚህ ሃያት ለሙከራ ካዘጋጀቻቸው ሁለት የሥዕል ወረቀቶች አንዱን ሰጠቻት፤ ግራሶ ሲቀባ ምን እንደሚደረግ በተርታ ተስሎ በላስቲክ የተለበጠ ነው። ማሽኑ ላይ በሽቦ አሰሩላት።

«እኔ አማርኛ ማንበብ አልችልም፣ ቁርኣን ግን ቀርቻለሁ፣ እሱን አነባለሁ» አለች ዘምዘም። «ሥዕል ከሆነ አያቅተኝም።»

ጉንጬን ስማኝ ሄደች። መኪናው ሲወጣ ደስ አለኝ። ይኸው፣ ወረቀት ለሰው ደረሰ፣ አልኩ።

ሃያት የምትከራየው ወይዘሮ ማርታ ግቢ ነው። እሳቸው ጴንጤ ናቸው። ሃያት እንግዶቼ ሙስሊም ናቸው ብላ አስቀድማ ስለነገረቻቸው፣ ዶሮውን ጎረቤታቸውን ጠርተው አሳርደው ጠበቁን። «ሰይድ ነው ቢስሚላህ ብሎ ያረደልኝ፣ አብሽሩና ብሉ» አሉን፤ እንድናምናቸው ብለው ሰይድን ራሱን ጠርተው ከእኛ ጋር አስቀመጡት። ከምግብ በፊት ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ ስለ መንገዳችን፣ ስለ ጦይባ አንገት፣ ስለ ማሽኑም ሳይቀር ጸለዩ። እኛ አሚን አልን። ወጡ እየቀዘቀዘ ነው ብዬ በልቤ ሳስብ አፍሬ ዓይኔን መልሼ ጨፈንኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወርክሾፑ ግቢ ውስጥ ሙከራ ሆነ። ጋሽ ጌታቸው አንድ አዲስ ማሽን አስወጡ። ክዳኑ በአራት ብሎን የታሰረ፣ ቀይ፣ እንደኛው ነው። ሃያት ጦይባን «ግራሶ ልትቀቢ ነው እንበል። የምትሠሪውን ስልኩ ይነግርሻል» አለቻት።

መጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ ሞከሩት። ስልኩ ይናገራል፣ ሞተሩ ይጮሃል፤ ሞተሩ አሸነፈ። የኮምቦልቻ ፀሐይ መስታወቱ ላይ ወድቃ ሥዕሉ አይታይም። ጦይባ እጇ ግራሶ ነክቶ ስለነበር ስልኩን ብትነካው ብትነካው እምቢ አላት። «ይሄ ስልክ ትምክህተኛ ነው፣ እጁ የቆሸሸ ሰው አያናግርም» አለች። እኔ ጋሽ ጌታቸውን አየሁ፤ ወረቀት ረታ ብዬ።

ከዚያ ግን ሞተሩን አጥፍተው ጥላ ውስጥ ገባን። ስልኩ ተከፈተ፤ የሃያት ድምፅ ወጣ፤ ቺንጋው እንዴት እንደሚወጠር፣ ምን ያህል መላላት እንዳለበት እያሳየ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አብሮት አለ። ጦይባ አንዴ ሰምታ ሁሉንም መለሰችው። እኔ ያን ነገር በመጽሐፉ ላይ ሃያት ከፍታ ስታሳየኝ ፊደሉን እያነበብኩ ነገሩን አላገኘሁትም ነበር። እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በስልኩ ገባኝ።

ሦስተኛው ሙከራ የሥዕል ወረቀቱ ነበር። ለዘምዘም የተሰጠው ዓይነት፣ የቀረው አንዱ። አምስት ሥዕል ጎን ለጎን በተርታ አለው፦ ሞተሩን የሚያጠፋ እጅ፣ ክዳኑ ላይ ያለ እጅ፣ ግራሶ የሚቀባ እጅ፣ እንደገና ክዳኑ ላይ ያለ እጅ፣ በመጨረሻ ሞተሩን የሚያስነሳ እጅ። ሃያት ማሽኑ ላይ አንጠለጠለችውና «በይ፣ ሥዕሉ ያለሽን አድርጊ፣ እኛ አንናገርም» አለቻት።

ጦይባ ሥዕሉን አየች። አንገቷን ነቀነቀች። ሄዳ ሞተሩን አስነሳች። ከዚያ ቀጥታ ወደ ክዳኑ ሄዳ መፍቻውን ብሎኑ ላይ አደረገች።

ሃያት ጮኸች። ጋሽ ጌታቸው ዘለው ሞተሩን አጠፉት።

«ምን እያደረግሽ ነው እመቤት?» አሉ መፍቻውን ከእጇ እየተቀበሉ።

«ሥዕሉ ያለውን ነዋ!» አለች ጦይባ ተቆጥታ። ጣቷን ከቀኝ ጀምራ አስኬደችው። «ሞተር ማስነሳት። ክዳን መክፈት። ግራሶ። ክዳን መመለስ። ሞተር ማጥፋት። ስህተቱ የቱ ጋ ነው?»

«ከቀኝ ጀመርሽ» አለች ሃያት በቀስታ።

«ታዲያ ከየት ሊጀመር ነው? በቁርኣን ቤት የተማርኩት ከቀኝ ነው።»

እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ አነባለሁ፣ ቁርኣን ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ቀርቻለሁ። ሁለቱንም ስለማውቅ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ሥዕልን ከየት እንደሚጀምር አስቤ አላውቅም። ሃያትም አላሰበችም፤ በእኔው ቤት ያደገች ናት። ሥዕሎቹ ከግራ ሲነበቡ ልክ ናቸው። ከቀኝ ሲነበቡም ሙሉ ታሪክ ናቸው፤ ግን እጅ የሚቆርጥ ታሪክ።

«ዘምዘም» አለች ሃያት። እሷም ከቀኝ ብቻ ነበር የምታነበው።

ስልክ ደወልን። የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም አለ። ደጋግመን ደወልን። ሃያት በርሜል ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። «ስልክ ላይ ቢሆን አሁኑኑ አስተካክለው ነበር እማ። ወረቀት አንዴ ከወጣ አይመለስም።»

«ስልክ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምንም አይደርሳትም ነበር» አሉ ጋሽ ጌታቸው። ወረቀት የጠሉት ሰውዬ ናቸው ይህን ያሉት። «ተነሺ። የሚቻለውን እንሥራ። ይህ ካላለቀ አንድም ማሽን ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

ዕቃውን ለጫነው የአይሱዙ ሾፌር ደወሉ። ዘምዘምን ከነማሽኗ ባቲ አውርዷት ተመልሷል፤ ከዚያ በሌላ መኪና ሄዳለች፣ የማን እንደሆነ አያውቅም። ቢሆንም በዚያ መስመር ለሚሠሩ ጓደኞቹ እነግራለሁ አለ። ሃያት ዓይኗን ጠርጋ ከወረቀትና እርሳስ ጋር ተቀመጠች። ሥዕሎቹን አንዱን ከአንዱ በታች አደረገቻቸው። ከላይ ወደ ታች የማይወርድ ጽሑፍ የለም፣ በአማርኛም በዓረብኛም። በመካከላቸውም ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ሣለች። ጦይባ አየችው፣ እኔም አየሁት፣ ወይዘሮ ማርታ ምሳ ይዘው ሲመጡ እሳቸውም አዩት፣ ሰይድም ተጠራ። ሁሉም ሞተሩን ከማጥፋት ጀመሩ።

በአራተኛው ቀን ከሃያት ጋር ሦስት ሆነን ወደ ደሴ ወጣን፤ ሐረጎን ሲወጡት እንደሚወርዱት አያስፈራም። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ማተሚያ ቤት አለ። ልጅ እግሩ አታሚ ሥራውን በወረቀት እንዲሆን ፈለገ፤ ሃያት ለባነር በሚሆነው ወፍራም ላስቲክ አለችው። ጦይባ ናሙናውን ተቀብላ፣ ከኮምቦልቻ በብልቃጥ ይዛ የመጣችውን ግራሶ አውጥታ ፊቱ ላይ ቀባችው።

«ኧረ እትዬ! ምነው ሥራዬን!» አለ ልጁ።

«ዝም በል፣ ፈተና ላይ ነው» አለችው፤ በጨርቅ ስትጠርገው ሥዕሉ እንዳለ ወጣ።

«ማህተሙ የት ይሁን?» አለ ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ እያየ።

«ማህተም የለም!» አልን ሦስታችን በአንድ አፍ። ደነገጠ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆኗል። ማህተም ያለበት አንድ ወረቀት ለብቻው አለ፤ እሱ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍ። የሥዕሉ ላስቲክ ማሽኑ ላይ ይታሰራል፣ ይቆሽሽ፣ ይጠረግ። ቺንጋ መወጠርና ሌላው ጥገና በስልክ ነው፤ ኔትወርክ ለሌለበት በሚሞሪ ይሰጣል፤ ሞተር ጠፍቶ፣ ጥላ ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚሰማው። ወፍራሙ መጽሐፍ ለመካኒኮች ይቆያል። የስልኩ ድምፅም ተለውጧል። ጋሽ ጌታቸው ከኮምቦልቻ ሳንወጣ ጦይባን አስቀርጸዋታል። «ክዳኑ ሳይመለስ ማንም አይጠጋ! እኔ ተጠግቼ አንገቴ ተላጠ» ትላለች፤ ከጀርባዋ የእኔ ሳቅ ይሰማል።

ሐጃ ሰዓዳ ዘንድ አንድ ሌሊት አድረን፣ ሃያት ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ እኛ ቢስቲማ ገባን። ላስቲኩን ማሽናችን ላይ አሰርነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ማሽላ ወቃን። አሁንም ሞተር ሲነሳ የጦይባን አንገት አያለሁ፤ ግን ከበፊቱ ያነሰ ነው።

ዘምዘም ግን እስካሁን አልተገኘችም። ስልኳ አይሠራም። ሾፌሮቹ ለባቲ ገበያ ሰዎች ነግረዋል፣ እኛም ወደዚያ ለሚወርድ ሁሉ አዲሱን ላስቲክ እየሰጠን እንልካለን። ቀጠን ያለች፣ ጠይም፣ ስትስቅ አፏን በሻርፗ የምትሸፍን ሴት ናት። ማሽኗ ቀይ ክዳን አለው፣ ሥዕል በተርታ ያለበት ወረቀት በሽቦ ታስሮበታል። በዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ፣ የምታልፉ፣ የምትነግዱ፣ ካገኛችኋት ያንን ወረቀት ፍቱላትና መጀመሪያ ሞተሩን አጥፊ በሏት። ከዚያ እባካችሁ ደህና መሆኗን፣ እጇም ደህና መሆኑን፣ ለሃያት ወይም ለእኔ ንገሩን።